ማጣሪያውንስ ማን ፈተነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እቤታችሁ የውሃ ማጣሪያ አለ እንበል። ከላይ ትጨምራላችሁ፣ ከታች ትቀዳላችሁ። መሥራቱን በምን አወቃችሁ? አብዛኛው ሰው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያይና ‹‹ኩልል ብሏል›› ይላል። ምርመራው እዚያው ላይ ያበቃል። ዓይን በውሃ ጉዳይ ብቻውን ዳኛ ሊሆን እንደማይችል የሰው ልጅ የተማረው በነጻ አይደለም። ትልቁ ትምህርት የተከፈለበት ቦታ ሰሜን ጀርመን፣ ኤልቤ ወንዝ ዳር ነው፤ ዘመኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1892 እና 1893። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ ሰባትና ስምንት መቀነሱን ለእናንተ ትቻለሁ።)

ያኔ ሃምቡርግና አልቶና አጥር እንኳ የማይለያቸው ጎረቤታሞች ነበሩ። ዛሬ አልቶና የሃምቡርግ አንድ ክፍል ናት፤ በዚያን ዘመን ግን የፕሩሲያ ከተማ ነበረች። ሃምቡርግ ደግሞ ነጋዴዎችና የቤት ባለንብረቶች የሚያዝዙባት፣ ራሷን በራሷ የምታስተዳድር ሀብታም ወደብ። ሁለቱም የሚጠጡት ያንኑ ኤልቤን ነው። ሃምቡርግ ከከተማዋ በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ትቀዳለች፣ ደለሉ እንዲዘቅጥ በኩሬ ውስጥ ጥቂት ታቆየዋለች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቧንቧ። አልቶና የምትቀዳው ከታች፣ ብላንከኔዘ አጠገብ፣ የሃምቡርግ ፍሳሽ ሁሉ ከገባበት በኋላ ነው። ግን ታጣራለች። ዘዴው ለንደን ውስጥ ጄምስ ሲምፕሰን የተባለ መሐንዲስ በ1829 የሠራው ዓይነት ነው፤ ትልቅ ገንዳ፣ ውስጡ አሸዋ፣ ውሃው ቀስ ብሎ የሚሰርግበት። ሲምፕሰን ይህን ሲሠራ ሐሳቡ ድፍርሱን ማጥራት ብቻ ነበር፤ ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ ገና አልተረጋገጠም ነበር።

እንግዲህ ውርርድ ብንገባ ሁላችንም ‹‹የምታልቀው አልቶና ናት›› ባልን ነበር። የሰው ፍሳሽ የምትጠጣ እሷ ናታ!

በነሐሴ 1892 ኮሌራ ሃምቡርግ ገባ። ኤልቤ የባሕሩ ሞገድ እየገፋ ወደ ኋላ የሚመልሰው ወንዝ ስለሆነ የወደቡ ቆሻሻ ወደ ላይ፣ ወደ መቅጃው ድረስ ይሄዳል። የከተማዋ ሹማምንት ‹‹ኮሌራ›› የሚለውን ቃል ለመናገር ቀናት ፈጀባቸው፤ መርከብ ይቀርብናል ብለው ፈርተው። (እኛም በ2016 አዲስ አበባ ላይ ‹‹አተት›› የሚል ስም ስንሰማ ከርመናል። በስም መሸሽ አዲስ ነገር አይደለም።) ወረርሽኙ በጥቂት ወራት ውስጥ 8,600 ያህል ሰው ገደለ። አልቶና ውስጥ የሞቱት ከሦስት መቶ ብዙም አልበለጡም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በሽታውን ያገኙት ለሥራ ሃምቡርግ ሲመላለሱ ነው።

በሽታው ድንበር ያውቅ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ሁለቱ ከተሞች የሚገናኙበት ሹልተርብላት የሚባል መንገድ አለ። በሃምቡርግ በኩል ባሉት ቤቶች ኮሌራ፣ በአልቶና በኩል ባሉት ምንም። ከሁሉም የሚገርመው ግን በሃምቡርግ መሬት ላይ ያለ፣ ከ300 በላይ ሠርቶ አደር የሚኖርበት አንድ ግቢ ነበር። የዚህ ግቢ ውሃ በአጋጣሚ የሚመጣው ከአልቶና ቧንቧ ነው። አንድም ሰው አልታመመም። አየሩ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ድህነቱ ያው፤ ልዩነቱ ቧንቧው ብቻ።

ታዲያ ሀብታሟ ሃምቡርግ ለምን ማጣሪያ አልነበራትም? ጉዳዩ ለዓመታት ተከራክሮበታል። ገንዘቡን ማን ይክፈል ነው ነገሩ፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የቤት ባለንብረቶቹ ድምፅ ከባድ ነበር። ሳይንስም ሽፋን ሰጥቷቸዋል። የሙኒኩ ታላቅ ሐኪም ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ኮሌራን የሚያመጣው የአፈሩ ሁኔታ ነው እንጂ የተበከለ ውሃ ብቻውን አይደለም ይሉ ነበር። እንዲያውም በጥቅምት 1892 በ73 ዓመታቸው የኮሌራ ተህዋስ ያለበት ብልቃጥ በአደባባይ ጠጡ። ትንሽ ተቅማጥ ነካቸው እንጂ አልሞቱም። አይ እድል! የሃምቡርግ ማጣሪያ ግንባታው ተጀምሮ ነበር፤ ሥራ የጀመረው ግን በግንቦት 1893፣ ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ‹‹ማጣሪያ ያለው ዳነ›› የሚል ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እኔ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ይበልጥብኛል።

በ1893 መጀመሪያ ላይ፣ በዚያ ከባድ ክረምት፣ አልቶናም ኮሌራ ገባባት። ትንሽ ናት፤ ግን ማጣሪያ ያላት ከተማ ናት! ሮበርት ኮኽ የኮሌራን ተህዋስ ከአሥር ዓመት በፊት የለየው ሰው ነው፤ ነገሩን ሲመረምር ጥፋቱን ገንዳዎቹ ጋ አገኘው። ማጣሪያዎቹ ክፍት ገንዳዎች ናቸው። ላያቸው ላይ ያለው አተላ ሲወፍር ውሃው ይወርድና አሸዋው ይጠረጋል። በዚያ ብርድ ሲጠረግ የአሸዋው ፊት በረዶ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ገንዳው ውሃውን ያሳልፋል እንጂ አያጣራም። ለዓይን ግን ማጣሪያ ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ውሃ ይወጣበታል።

ይህን ያጋለጠው ቆጠራ ነው። ኮኽ የፈጠረው ዘዴ ቀላል ነበር። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ለብ ካለ ጄላቲን ጋር ቀላቅሎ መስታወት ላይ ማፍሰስና ሁለት ቀን ያህል መጠበቅ። እያንዳንዷ ባክቴሪያ ተራብታ ነጥብ ትሆናለች፤ ነጥቡን ትቆጥራለህ። ማጣሪያው ደህና ሲሠራ ከመቶ በታች የነበረው ቁጥር በዚያ ክረምት ከሺህ በላይ ወጣ። አንድ ችግር ግን ነበር። የሁሉም ገንዳዎች ውሃ አንድ ላይ ከተቀላቀለ የትኛው እንዳጠፋ አይታወቅም፤ ደህናው የታመመውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ኮኽ ያለው ይህን ነው፦ እያንዳንዱ ማጣሪያ የራሱ የናሙና መቅጃ ይኑረው፣ በየቀኑ ለየብቻው ይቆጠር፣ በሚሊ ሊትር ከ100 በላይ ያሳየ ውሃ ከሌላው አይቀላቀል። ውሃውም በሰዓት ከ100 ሚሊ ሜትር በላይ በአሸዋው ውስጥ እንዳይሮጥ። ለእኔ የዘመናዊ ውሃ ታሪክ የሚጀምረው ከአሸዋው ሳይሆን ከዚህ ቆጠራ ነው።

የቤት ማጣሪያም ያው ታሪክ አለው። በቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ቤቶች የከሰል ማጣሪያ ፋሽን ነበር። ፐርሲ ፍራንክላንድ በ1880ዎቹ ሲፈትነው ከሰሉ መጀመሪያ ላይ ባክቴሪያውን ድራሹን አጠፋው፤ በወሩ ግን ጉልበቱ አልቆ ነበር። በ1884 የፓስተር ባልደረባ ሻርል ሻምበርላን የሸክላ ማጣሪያ ሠራ። በጀርመንም ቪልሄልም ቤርከፌልድ ከነጭ የቅሪተ አካል አፈር የሠራው ሻማ መሰል ማጣሪያ በዚያው በኮሌራው ጊዜ ገበያ ወጣ። ዛሬ ባልዲ ውስጥ የምናያቸው ሻማዎች የእነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው። በእነሱም ላይ ላቦራቶሪዎች ቶሎ የደረሱበት ነገር አለ፤ ካልታጠቡና ካልተቀቀሉ ባክቴሪያው በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተራባ ቀን ቆጥሮ በወዲያ በኩል ይወጣል። ሻማው ከተሰነጠቀማ ጭራሽ አይወራ።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። በ2016 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ ውሃን ከምንጩም ከቤትም እየቀዳ መርምሮ ነበር፤ ቤት ውስጥ የተገኘው ከምንጩ የባሰ የተበከለ ነበር። ጀሪካኑ፣ ክዳኑ፣ መቅጃው፣ እጃችን። ማጣሪያ ሻጮች አንዳንዴ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቁጥር የሚያሳዩባት እስክሪብቶ መሳይ ዕቃ አለች። የምትለካው የሟሟ ጨውን ነው። ስለ ባክቴሪያ አንዲት ቃል አትነግራችሁም፤ የሸክላ ማጣሪያም ጨው ስለማይቀንስ ደህናውን ሻማ ‹‹አይሠራም›› ልታሰኝ፣ የተሰነጠቀውንም ልታሳልፍ ትችላለች።

መፈተን የሚፈልግ ሰው ሁለት ናሙና ያስፈልገዋል። አንዱ ወደ ማጣሪያው ከሚገባው፣ ሌላው ከማጣሪያው ቧንቧ። አንዱ ብቻ ስለ ውሃው ይናገራል እንጂ ስለ ማጣሪያው አይናገርም። ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ውሰዱ (የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ጠርሙሱ ውስጥ ክሎሪኑን የሚያመክን ነገር ይጨመራል)፣ አፉን በእጅ አትንኩ፣ በቀዝቃዛ ዕቃ በዚያው ቀን አድርሱ። ‹‹ኢ ኮላይ ቁጠሩልኝ›› በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ምንም እንዳይገኝ ይላል። ከኮኽ 100 ጋር አታምታቱት፤ እሱ የሚቆጥረው ያገኘውን ባክቴሪያ ሁሉ ነበር፣ ይህ የሰገራን ምልክት ብቻ ነው። ላቦራቶሪ ለራቀበት ደግሞ በ1982 ሕንድ ውስጥ የተሠራ ርካሽ ዘዴ አለ፤ መድኃኒት የነካ ወረቀት ያለበት ጠርሙስ ውሃ ተጨምሮበት አንድ ሁለት ቀን ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ከጠቆረ የሰገራ ብክለት ያጠራጥራል። ካልጠቆረም የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሻማው ከታጠበ ወይም ከተቀየረ በኋላ እንደገና ይሞከራል።