ተጫዋቹን የሚያደምጥ ሙዚቃ፦ አጭር ታሪክ



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ የተጫዋቹን ድርጊት እየተከተለ መለዋወጥን እንዴት እንደ ተማረ ነው። የታሪክ መምህር በጌም ምን አገባው የሚል አይጠፋም፤ ጉዳዩ ግን ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል።

አዝማሪን እናስብ። «ተቀበል» ሲባል የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል፤ ጭፈራው ሲሞቅ ያፈጥናል፣ ሲቀዘቅዝ መሰንቆውን ብቻ ያሰማል። ዘፈኑ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ አልተወሰነም። በደቦ ሥራም አውጪው የሠራተኛውን ክንድ እያየ ዜማውን ያፋጥናል። ሸክላና ካሴት ይህን ቆረጡት፤ የተቀዳ ዘፈን ማንም ቢሰማው ያው ነው። በእኔ አመለካከት ጌም የተቋረጠውን ክር ነው የቀጠለው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ በሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ አራት ወፍራም ድምፆች ይደጋገማሉ። ጠላቶቹ ሲያልቁ የቀሩት ይፈጥናሉ፤ ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። የጠላቶቹ መፍጠን መነሻው መሣሪያው የሚስለው ምስል ሲያንስ ሥራው ስለሚቀለው ነበር፤ ኒሺካዶም ሳያርመው ተወው።

ማፍጠን ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከአንድ ዜማ ወደ ሌላው ሳይሰበሩ መሻገር ነው። ለዚህ መላ ያበጁት የሉካስአርትስ ባልደረቦች ማይክል ላንድና ፒተር ማኮኔል ናቸው። አይሚዩዝ ያሉት ሥርዓታቸው በ1991 በመንኪ አይላንድ 2 ሥራ ላይ ዋለ። የዜማው ደራሲ መሻገር የሚቻልባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ተጫዋቹ ቦታ ሲለውጥ ኮምፒውተሩ ዜማውን አይቆርጥም፣ እስከ ቅርቡ ምልክት ተጫውቶ ይሻገራል። ዉድቲክ በተባለችው መንደር ተጫዋቹ ከቤት ቤት ሲገባ መሠረታዊው ዜማ ሳይቋረጥ መሪው መሣሪያ ይለወጣል። ይህ የተቻለው ሙዚቃው ቀረጻ ሳይሆን በሚዲ የተጻፈ ትእዛዝ ስለ ነበረ ነው። ቀጥሎ ሲዲ መጣ፤ ድምፁ አማረ፣ መተጣጠፉ ግን ቀረ። ሸክላ በአዝማሪው ላይ ያደረሰውን ሲዲ በአይሚዩዝ ላይ አደረሰ ማለት ነው። ቀረጻን በንብርብር እያጫወቱ እንደ ሁኔታው መክፈትና መዝጋት እየተለመደ ሲሄድ ነው ነገሩ ያገገመው፤ ዛሬ ኤፍሞድና ዋይዝ የተባሉት መሣሪያዎች የሚሠሩት ይህንኑ ነው።

አሁን ጌም በአገራችንም ይሠራል፤ የቅኔ ጌምስን ኩኩሉ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እነዚህ መሣሪያዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ግን በደቂቃ ስንት ምት፣ በመስፈሪያው ስንት ምት የሚለውን ነው። ያለ ምት ተንጠልጥሎ ለሚጀምር ትዝታ መልሱ ምንድን ነው? ምልክቱን በምት ቆጠራ ያኖረ ሰው ግጥሙን መሐል ለመሐል ይበጥሰዋል። እኔ ብሆን ቤት በሚመታበት ቦታ አኖረዋለሁ፤ አዝማሪው የሚሻገረው እዚያ ነውና። መሣሪያዎቹም ይህን አይከለክሉም፤ የሚያስፈልገው ዜማውን የሚያውቅ ሰው ከፕሮግራም ጸሐፊው አጠገብ መቀመጡ ነው።

ለመመረቂያ ሥራችሁ በቤንች፣ በሸካ ወይም በከፋ የአባቶችንና የእናቶችን ዜማ የምትቀዱ ካላችሁ፣ ሙሉውን ዘፈን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። አውጪውን ለብቻ፣ ተቀባዮቹን ለብቻ፣ ከበሮውንም ለብቻ ቅዱ። አንድ ላይ የተቀዳውን በኋላ መነጣጠል እጅግ ያስቸግራል።