ከዋሻው የወጡት ጋያዎች

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ማሪዋናን ከፈቀደች ወዲህ በወጣቶች ዘንድ ክርክሩ በርትቷል። አንዱ «መጤ ነው» ሲል ሌላው «የአባቶቻችን ነው» ይላል።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ ከተባለ ዋሻ (ከውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አይምታታ) ሁለት የሸክላ ጋያ ራሶች በቁፋሮ ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ ነው። ትምባሆ ያኔ ከአሜሪካ ገና አልተሻገረም። ታዲያ ምን ይጨስባቸው ነበር? እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የቫን ደር መርቨ ምርመራ የካናቢስ ቅሪት አገኘባቸው።

ስለዚህ «መጤ ነው» አያስኬድም። ሸክላው ግን ማን እንዳጨሰበት፣ ጎረቤትም ምን እንዳለው አይነግረንም። ደግሞስ ቆየ ማለት ተፈቀደ ማለት ነው? ደብረ ታቦርን ከመናገሻዎቻቸው አንዷ ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ሰው የለመደውን ትምባሆ ከልክለው አጫሹን እስከ ከንፈር መቁረጥ ቀጥተዋል። ያን ጭካኔ ዛሬ የሚመኝ የለም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ግን አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምን አሁንም ይቀጣል።