የአስቸኳይ ጥሪ ተቀባይና የአምቡላንስ ስምሪት ባለሙያ፦ ሥልጠናና የአሠራር ደረጃ

አስቸኳይ የጤና ችግር ሲያጋጥም የሚደረገውን የስልክ ጥሪ ተቀብሎ አምቡላንስ የሚያሰማራ፣ እርዳታው እስኪደርስም ደዋዩን የሚመራ ባለሙያ የጥሪ ተቀባይና የስምሪት ባለሙያ ይባላል። በከተሞች በስፋት የሚታወቀው የጥሪ ቁጥር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር 907 ነው። በገጠር ወረዳዎች ግን ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ለአምቡላንስ ሹፌሩ፣ ለጤና ጣቢያው ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይደርሳል። በመሆኑም የሚከተለው አሠራር ስልኩን የሚያነሳውን ሁሉ ይመለከታል።

የሠለጠነ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሕመሙን ሳይሆን ቦታውን ነው። መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ቦታው ከታወቀ አምቡላንስ ሊላክ ይችላልና። ቀጥሎ መልሶ የሚደውልበትን ቁጥር፣ ከዚያም የተከሰተውን ነገር፣ ታማሚው ነቅቶ እንደሆነና በአግባቡ እንደሚተነፍስ ይጠይቃል። ተጨንቆ ለሚደውል ቤተሰብ ይህ ሁሉ ጥያቄ ጊዜ ማባከን ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ አምቡላንሱ መረጃው በተሟላ ጊዜ ቦታውን ሳይስት ይደርሳል።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ የቦታ ጥያቄ ልዩ ክብደት አለው። ገጠሩ የመንገድ ስምም ሆነ የቤት ቁጥር የለውም። «ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነን» የሚል መልስ አይበቃም፤ የማርያም ደብር በየአካባቢው አለና። ወረዳው፣ ቀበሌውና ጎጡ መነገር አለበት። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርዱት የስማዳ ቆላዎች ተሽከርካሪ የማይገባባቸው ቦታዎች ስላሉ ሕመምተኛው በቃሬዛ እስከ መንገድ ይወሰዳል። ስለዚህ ባለሙያው ተሸካሚዎቹ ከየት እንደተነሡና በየትኛው መንገድ እንደሚወጡ ጠይቆ የመገናኛ ቦታ ይወስናል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ አምቡላንሱ በአንድ አቅጣጫ፣ ቃሬዛው በሌላ ቢሄዱ ደም ለሚፈስሳት ወላድ መዘዙ የከፋ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ደዋዩ አካባቢውን የማያውቅ መንገደኛ ሊሆን ይችላል፤ ያለፈውን የመጨረሻ ከተማና የሚጓዝበትን አቅጣጫ መጠየቅ ይበጃል።

ሥልጠናው ከሁሉ ይልቅ የሚያተኩረው ልብ መምታት ባቆመ ጊዜ በሚፈጠረው ስሕተት ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው አልፎ አልፎ ሊያቃስት ወይም አየር ሊስብ ይችላል፤ ቤተሰብም «ይተነፍሳል» ብሎ ይመልሳል። አዋቂ ሰው ካልነቃና በአግባቡ ካልተነፈሰ ባለሙያው ደዋዩን የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲጫን ይመራዋል። ምጥ የፋመባትን ሴት በተመለከተ ሕፃኑ እንዳይጎተት፣ እንደተወለደ እንዲደርቅና በእናቱ ደረት ላይ እንዲሞቅ ያሳስባል። መመሪያው አጭር፣ በተረጋጋ ድምፅና አንድ በአንድ የሚሰጥ ነው። ሠልጣኞችም በተመሳሰሉ ጥሪዎች ይለማመዱበታል።

የሰማውን የግል መረጃ በምስጢር መያዝ የባለሙያው ግዴታ ነው።

ደዋዩም ባለሙያው «ይበቃል» እስኪል ስልኩን መዝጋት የለበትም። በዚህ መካከል አንድ ሰው ወደ መንገድ ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቅ። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተሰብ ከምጡ ቀን አስቀድሞ የቅርብ ጤና ጣቢያውንና የአምቡላንሱን ቁጥር በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከሚገኘው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መዝግቦ ይያዝ።