ከአሻንጉሊት ጨዋታ የወጡ አባባሎችና ጨለማ ምንጫቸው

ቃል እንደ መንገደኛ ነው፤ ከተወለደበት አገር ርቆ ከሄደ በኋላ ወላጆቹን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምር መምህር በንባብ መጽሐፍ ውስጥ «እንደ ፐንች የተደሰተ» የሚል አባባል ሲያገኝ፥ «እጅግ ደስ ያለው ማለት ነው» ብሎ ያልፋል። ትርጓሜው ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ፐንች ማን ነው? የተደሰተውስ በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ የሚያሥቅ ብቻ አይሆንም።

ፐንች አፍንጫው የቈለመመ፥ ጀርባው የጐበጠ አሻንጉሊት ነው። የዘሩ አገር ኢጣሊያ ሲሆን በዚያ ፑልቺኔላ ይባላል። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1662 ዓ.ም. በለንደን ኮቨንት ጋርደን የኢጣሊያውያንን የአሻንጉሊት ጨዋታ አይቶ እንደ ወደደው በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። በ1828 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ፔይን ኮሊየር የጨዋታውን ቃል ከጆርጅ ክሩክሻንክ ሥዕሎች ጋር በመጽሐፍ አሳተመ።

በዚያ መጽሐፍ ፐንች የሚያለቅሰውን ልጁን በመስኮት ይወረውራል፤ ሚስቱ ጁዲ ብትቈጣው በበትር ደብድቦ ይገድላታል፤ ሞት ሲፈረድበትም ሰቃዩን አታልሎ በገዛ ገመዱ ያሰቅለዋል። ከግድያውም በኋላ በደስታ ይዘፍናል። የአባባሉ ደስታ እንግዲህ ይህ ነው።

ጃክ ኬች የሚባለው ሰቃይም ፈጠራ አይደለም። በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ዘመን የነበረ ነፍሰ ገዳይ ሹም ነው። በ1683 ዓ.ም. ሎርድ ራስልን፥ በ1685 ዓ.ም. የሞንመዝን መስፍን በመጥረቢያ ሲቀጣ በአንድ ምት ሊጨርስ ስላልቻለ ስሙ እጅግ ተጠላ። በ1686 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ «ጃክ ኬች» የሰቃዮች ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ዛሬ በመውደቅና በመመታታት የሚያሥቅ ትርኢት «ስላፕስቲክ» ይባላል። ይህም ከበትሩ የመጣ ስም ነው። በትሩ ከሁለት ስስ ጣውላዎች የተሠራ ስለሆነ፥ ሲመታ ድምፁ ይበረታል እንጂ ሕመሙ ቀላል ነው።

ይህ ጨዋታ በመጀመሪያ የዐዋቂዎች ነበረ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ግን እየቈየ የሕፃናት መዝናኛ ሆነ። ቻርልስ ዲከንስ በ1849 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ ነገሩ ከእውነት የራቀ ቀልድ ስለሆነ ማንም እንደ ምሳሌ አይከተለውም ሲል ተከራከረለት። ክርክሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ዲከንስ የተናገረው ስለሚሥቁት ነው። በቤቱ እናቱ ስትደበደብ ያየ ሕፃን ከሚሥቁት መካከል ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለእርሱ በትሩ ድምፅ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አባባሉን ከመጽሐፍ መፋቅ አያስፈልግም። የመምህር ተግባር የቃሉን ትርጉም ከነታሪኩ ማስረዳት፥ ክፍሉም ሲሥቅ ያልሣቀውን ተማሪ ማስተዋል ነው።