የኦስቲን ከተማ የሕዝብ ቴሌቪዥንና የቴክሳስ ሙዚቃ

በዩናይትድ ስቴትስ፣ በቴክሳስ ግዛት የሚገኘው የኦስቲን ከተማ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ1974 መቅረጽ የጀመረው «ኦስቲን ሲቲ ሊሚትስ» የተባለው ዝግጅት፣ የአንድ አካባቢ ሙዚቃ በቴሌቪዥን ሲጠበቅም ሲለወጥም ለመመልከት ከሚያስችሉት ምሳሌዎች አንዱ ነው። ስሙ ሲተረጐም «የኦስቲን ከተማ ወሰን» ማለት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ናቸው።) ዝግጅቱ የቴክሳስን ሙዚቃ ለውጭ ሰው ያስተዋወቀ ተብሎ ይመሰገናል፤ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር፣ ቴሌቪዥኑ ያገኘውን እንዳለ የሚያሳይ መስተዋት ብቻ እንዳልነበረ፣ የትኛው ሙዚቃ የአገሩ መታወቂያ እንዲሆንና በምን አኳኋን እንዲደመጥ የሚወስን ዳኛም እንደ ነበረ ይታያል።

ቴክሳስ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጀርመንና ከቼክ አገር የመጡ ሰፋሪዎች አኮርዲዮንንና የፖልካን ጭፈራ ይዘው ገቡ፤ በየመንደራቸውም የጭፈራ አዳራሽ ሠሩ። በደቡብ የሚኖሩት የሜክሲኮ ተወላጆች አኮርዲዮኑን ተቀብለው፣ «ባሆ ሴክስቶ» ከሚባለው ባለ12 ክር ጊታር ጋራ አስማምተው «ኮንሁንቶ» የተባለውን ሙዚቃ አወጡ። ጥቁሮቹ ቴክሳሳውያን ደግሞ ብሉዝን አሳደጉ። በ1930ዎቹ ቦብ ዊልስና ጓደኞቹ የገጠሩን የቫዮሊን ጨዋታ ከብሉዝና ከጃዝ ጋራ አዋሕደው፣ ኋላ «ዌስተርን ስዊንግ» የተባለውን ዓይነት አስፋፉ። እነዚህ የሙዚቃ ዓይነቶች በመነሻቸው ቢለያዩም በአንድ ልማድ ይገናኛሉ፤ ይኸውም በአብዛኛው የሚሰሙት ሰው እየጨፈረ መሆኑ ነው። የዘፈኑ ፍጥነትና ርዝመት ከሙዚቀኛው ፈቃድ ባላነሰ በጨፋሪው እግር የሚወሰን ነበር።

ቴሌቪዥኑ ከዚህ ልማድ ጋራ የተገናኘው በትምህርት በኩል ነው። «ኬ.ኤል.አር.ኤን.» የተባለው ጣቢያ በ1962 ሥራውን ሲጀምር የኦስቲንንና የሳን አንቶኒዮን ከተሞች በአንድነት እንዲያገለግል የተቋቋመ የማስተማሪያ ጣቢያ ነበር። በ1967 ራሳቸው የቴክሳስ ተወላጅ የሆኑት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሕዝብ ሥርጭትን ሕግ በፊርማቸው አጸደቁ፤ ከ1970 ጀምሮም «ፒ.ቢ.ኤስ.» የተባለው ማኅበር የየአካባቢውን ጣቢያዎች በአንድ መረብ አያይዞ ማሠራጨት ጀመረ። እንግዲህ አንድ የአካባቢ ጣቢያ በአገር አቀፉ መረብ ላይ ስፍራ ለማግኘት ከፈለገ፣ ሌላው ጣቢያ የሌለውን ነገር ማቅረብ ነበረበት። በ1974 የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ የመገናኛ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ በስድስተኛው ፎቅ ላይ «6ኤ» የተባለ ሰፊ ስቱዲዮ ተገኘ።

ሌላው የሌለው ነገር ደግሞ በከተማው ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። በ1970 በአሮጌ የጦር ክፍል አዳራሽ ውስጥ የተከፈተው «አርማዲሎ ወርልድ ሄድኳርተርስ» ጠጕራቸውን ያስረዘሙ ተማሪዎችና ባርኔጣ የደፉ የገጠር ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር የሚሰበሰቡበት ቤት ሆነ። ዊሊ ኔልሰን የናሽቪልን የሙዚቃ ንግድ ትቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1972 በዚሁ አዳራሽ ዘፈነ። የጣቢያው ሰዎች ቢል አርሆስ፣ ፖል ቦስነርና ብሩስ ስኬፍ ይህን አዲስ እንቅስቃሴ ተመልክተው በጥቅምት 1974 የሙከራ ቀረጻ አደረጉ። በመጀመሪያው ምሽት ቢ. ደብልዩ. ስቲቨንሰን ዘፈነ፤ ግን የመጣው ሕዝብ ጥቂት ስለ ነበረ፣ በማግሥቱ የተቀረጸው የዊሊ ኔልሰን ጨዋታ ለሙከራው ተመረጠ። ይህም በ1975 ጣቢያዎች ከተመልካች ገንዘብ በሚለምኑበት ወቅት ታየ፤ ተከታታዩ ዝግጅትም በ1976 ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ዓመት የከፈቱት የቦብ ዊልስ የጥንት ጓደኞች «ቴክሳስ ፕሌይቦይስ» ናቸው። መሪያቸው በግንቦት 1975 ሞቶ ነበር። ምርጫው ወጣቶቹ ሙዚቀኞች አባት እንዳላቸው የሚያስረዳ ነበርና በሚገባ የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ ከልማዱ የተለየ ነገር በዚያው ተፈጸመ። በሕይወታቸው ሙሉ ለጨፋሪ የተጫወቱት ሽማግሌዎች፣ መድረኩን ከብቦ ተቀምጦ በሚያዳምጥ ሕዝብ ፊት ተጫወቱ። አስተዋዋቂ አልነበረም፤ ካሜራው ጣትን፣ ክርንና ፊትን በቅርብ ያሳይ ነበር። በዚህ አኳኋን የጭፈራው ሙዚቃ የማዳመጥ ሙዚቃ ሆነ። ከለውጡ የተጠቀሙ አሉ። እንደ ታውንስ ቫን ዛንት ያለው በዝግታ ታሪክ የሚተርክ ዘፋኝ፣ በመጠጥ ቤት ጫጫታ የሚዋጠው ግጥሙ በስቱዲዮው ጸጥታ ቃል በቃል ተሰማለት። ጨፋሪው ግን ከሥዕሉ ወጣ፤ ከእርሱም ጋራ ሙዚቃው የተሠራበት ምክንያት ተሰወረ።

ሁለተኛው ነገር የምርጫው ነው። ኦስቲን በውስጧም ወሰን ነበራት። በ1928 የወጣው የከተማ ፕላን ለጥቁሮች የሚሆኑትን ትምህርት ቤቶችና ሌሎች አገልግሎቶች በምሥራቁ ክፍል ስለ ሰበሰበ፣ ነዋሪዎቹ ወደዚያው እንዲሄዱ ተገደዱ፤ በ1962 የተከፈተው ትልቁ አውራ ጐዳናም ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚለይ አጥር ሆነ። በምሥራቁ በኩል በ1945 የተከፈተው «ቪክቶሪ ግሪል» የብሉዝ ሙዚቀኞች መድረክ ነበር። ነገር ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ «የኦስቲን ድምፅ» ተብሎ በአገር አቀፍ የታወቀው፣ ይበልጡን የነጮቹ ወጣቶች አዲስ የካንትሪ ሙዚቃ ነው። በ1939 በኦስቲን የተወለደው ደብልዩ. ሲ. ክላርክ ለዚህ ምስክር ይሆናል። በምሥራቁ ሰፈር አድጎ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከወጣቱ ስቲቪ ሬይ ቮን ጋራ በአንድ ቡድን ተጫውቷል። ቮን በዝግጅቱ ላይ በ1983 ቀረበ። የከተማው ልጅ የክላርክ 50ኛ ዓመት ልደት ግን በዚያው ስቱዲዮ የተቀረጸው በ1989 ነው፤ በዚያም ምሽት ቮን ከአጃቢዎቹ አንዱ ነበረ። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን በስድስት ዓመት ቀደመው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቴሪ ሊኮና አዘጋጅ ሲሆን የዝግጅቱ በር ሰፋ። የቴክሳስ አንጋፋ የብሉዝ ሰው ላይትኒን ሆፕኪንስና ከካሊፎርኒያ የመጣው ቶም ዌትስ የቀረቡት በዚሁ ጊዜ ነው። ከአካባቢው ውጭ የሚመጡት እየበዙ ሲሄዱ፣ በ1982 ከመድረኩ በስተጀርባ የከተማዋን የሌሊት ገጽታ የሚያሳይ የተሠራ ሥዕል ተተከለ። ብዙ ተመልካቾች ቀረጻው በእውነት ደጅ የሚደረግ መስሏቸው ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ትርጕም አለው፤ ቀድሞ የአካባቢው ማንነት ከሙዚቀኛው ድምፅ ይመነጭ ነበር፣ ከዚህ ወዲህ ግን ከጀርባው ባለው ሥዕል ይነገር ጀመር። እስከ 2004 ድረስ የዝግጅቱ መለያ ሆኖ የኖረው ዘፈንም ጋሪ ፒ. ነን በለንደን ሳለ አገሩ ናፍቆት የደረሰው ነው።

ከተማይቱም ሥዕሏን ተከተለች። በ1991 የከተማው ምክር ቤት «የዓለም የሕያው ሙዚቃ ዋና ከተማ» የሚለውን መጠሪያ ተቀበለ፤ በ2002 በዝግጅቱ ስም ትልቅ የሙዚቃ በዓል ተጀመረ፤ በ2003 ዝግጅቱ የአገሪቱን የሥነ ጥበብ ሜዳይ ተሸለመ። በ2011 ቀረጻው 300 ያህል ሰው ከሚይዘው ስቱዲዮ ወጥቶ 2,750 ሰው ወደሚይዝ አዳራሽ ተዛወረ።

ይህን ሁሉ እንደ ጥፋት ብቻ መቍጠር ፍርድን ማጓደል ነው። በተመልካች ስጦታና በድጋፍ የሚኖር ጣቢያ በሩን ባያሰፋ ኖሮ፣ ዝግጅቱ ከሃምሳኛ ዓመቱ መድረሱ ያጠራጥር ነበር። ደግሞም በ1982 የሞተው ሆፕኪንስ፣ በ1990 የሞተው ቮንና በ1997 የሞተው ቫን ዛንት ጣታቸው ክሩን ሲነካ ዛሬም የሚታየው ካሜራ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ክሩን እንደ ምስክር ይቀበለዋል፤ ነገር ግን እንደ ማናቸውም ምስክር ይመረምረዋል። ሙዚቀኛው ምን እንደ ተጫወተ ከክሩ ማወቅ ይቻላል። ማን እንደ ጨፈረለት፣ ማን ሳይጠራ እንደ ቀረ፣ በምሥራቁ ሰፈር በዚያው ሌሊት ምን ይዘፈን እንደ ነበረ ግን ክሩ አይናገርም። ይህን ለማወቅ ከስቱዲዮው ወጥቶ በጭፈራው አዳራሽና በምሥራቁ ሰፈር የነበሩትን ሽማግሌዎች፣ በሕይወት ሳሉ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።