የሰማዩ ትምህርትና የእጅ ሙያ፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር

በሀገራችን ስለ ሙያ ትምህርት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚታወሰው «ተግባረ ዕድ» የሚለው ስም ነው። ከፋሺስት ወረራ ማክተም በኋላ በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ የተቋቋመው ትምህርት ቤት በዚህ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ትምህርቱ የሚፈተነው በእጅ ሥራ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራልና። ጎጃም ተመሳሳይ ተቋም ለማግኘት እስከ 1955 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረበት። በዚያ ዓመት በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በእርሻ መካኒክ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሙያ ያሠለጥን ጀመር። መምህሩ በቶርኖው አጠገብ ቆሞ ያሳያል፤ ተማሪው አይቶ ይሞክራል፤ የተበላሸው ብረት ይጣልና ሌላ ይታሠራል። ከዚህ የበለጠ የማስተማሪያ መሣሪያ አላስፈለገም ነበር ማለት ይቻላል።

ሬዲዮ በ1971 ዓ.ም. ለተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ይሁን እንጂ የጆሮ መሣሪያ በመሆኑ ለዐውደ ሥራ ያደረገው አስተዋጽኦ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ የትምህርት ዘመን በመላ ሀገሪቱ በሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡም፣ ተማሪውም፣ መምህሩም መሣሪያውን «ፕላዝማ» አሉት። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተዘጋጅተው፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት ከአዲስ አበባ እስከ ጠረፍ ይደርሱ ነበር። ሐሳቡ መናቅ የለበትም። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ በዐይኑ እንዲያይ፣ ከመዲናይቱ ተማሪ ጋር እኩል እንዲማር የታሰበ ነውና። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ትምህርቱ አይቆምም። ተማሪው ባይገባው፣ እጁን ቢያነሣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ የሚተላለፈው መንገዱን ይቀጥላል። መምህሩ በመግቢያና በመዝጊያ የተሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ፤ በመካከሉ ከተማሪዎቹ ጋር ቆሞ ከመመልከት በቀር ሥልጣን አልነበረውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለሙያ ትምህርት ታሪክ ግን ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ለመሰናዶ ነጥብ ያልመጣለት ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሸጋገር ነበር። ይህ ወጣት ሁለት ዓመት ሙሉ በስክሪን ፊት ተቀምጦ ፊዚክስ ሲማር ቆይቶ፣ ማየት ዋና የትምህርት መንገድ ወደሆነበት ወደ ብየዳው፣ ወደ ሞተሩና ወደ ኤሌክትሪክ ሥራው ሲደርስ ስክሪኑ ከኋላው ቀረ። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ሲመላለስ በዝግታ ማሳየት፣ ደግሞም ማስቆምና መድገም የሚቻለው በተንቀሳቃሽ ሥዕል ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው የተተከለው በሌላው ቤት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ የሙያ ደረጃንና የብቃት ምዘናን መሠረት አደረገ። ከሥልጠናው 70 በመቶ ያህሉ በድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሆን የሚለው መመሪያም በትብብር ሥልጠና ስም ተስፋፋ። ይህ ለአዲስ አበባ ወይም ለኮምቦልቻ የሚስማማ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በወምበርማ ግን በቆሎና በርበሬ በሚመረትበት ሀገር ሠልጣኙ የሚላክበት «ድርጅት» ማለት በአብዛኛው ወፍጮ ቤት፣ ብየዳ ቤትና ጋራዥ ነው። ከእነዚህ ብዙ ይማራል፤ ዘመናዊውን መሣሪያ ግን ከወዴት ያየዋል? የዲጂታል መሣሪያ ጥያቄ በዚህ አካባቢ የቅንጦት ጥያቄ ያልሆነው ስለዚህ ነው።

ጥያቄውን ያጠነከረው በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና በዚያው ከተማ የተገነባው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ነው። እንዲህ ባለ ፋብሪካ ሠራተኛው የማሽኑን ሙቀትና ግፊት የሚያነበው በስክሪን ላይ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ትምህርት የሚተላለፍበት ብቻ መሆኑ ቀርቶ እንደ መፍቻና እንደ መዶሻ የሥራ ዕቃ ሆነ። በፕላዝማው ዘመን ያልታሰበው ይህ ነበር።

በመካከሉ መንገዱ ደጋግሞ ተቆረጠ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሒሳብና ለቋንቋ ደረሱ፤ ብየዳን ግን በሬዲዮ ማስተማር አልተቻለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት አማካይነት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሕፈትና በመሰል ሙያዎች ለማሠልጠን የታቀደው መርሐ ግብር በአዲስ አበባ ሲበሠር፣ የምዕራብ ጎጃም ወጣት ያንን መቋረጥ ገና አልረሳም ነበር። ፕላዝማው ሊቆም ባለመቻሉ ተወቅሷል፤ ይህኛው ያለ ተማሪው ፈቃድ የሚቆም ነው። ፊልሙ በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ፣ መምህሩ ሲሻ የሚያስቆመው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም የሚሠራ፣ ከቶርኖውም ሁለት እርምጃ የማይርቅ መሣሪያ ለመግዛት ደግሞ ሳተላይት ያህል ወጪ አይጠይቅም።