ከእንዶድ አረፋ የተነሣ የምርምር ቤት

እንዶድ እንደ ደነባ ያለውን የሰሜን ሸዋ ደጋና ወይናደጋ ይወዳል። ሳሙና በየሱቁ ከመብዛቱ በፊት የአካባቢው እናቶች ጋቢና ነጠላ የሚያነጹት በዚሁ ተክል ነበር፤ ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ኢትዮጵያ ወጣት ሳይንቲስቶቿን በገዛ አገራቸው ተላላፊ በሽታ እንዲመራመሩ ማሠልጠን ስትጀምር፣ ይህ የእናቶች ዕውቀት ከመነሻዎቹ አንዱ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ጨርሰው ተመልሰዋል። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። አንዷን ሴት ከአረፋው ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቋት፤ በዕቃ የተያዙት ቀንድ አውጣዎች ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ። ከጥያቄ እስከ ሙከራ ያለው መንገድ በአንድ ወንዝ ዳር፣ በአንድ ቀን ተጀመረ።

ግኝቱ ለምን ይህን ያህል ትልቅ ሆነ? የቢልሃርዚያ ትል ዕንቁላል ከበሽተኛው ሽንትና ሰገራ ጋር ወንዝ ይገባል። የተፈለፈለው እጭ የሚራባበት ቀንድ አውጣ ካላገኘ ዕድሜው አጭር ነው። በቀንድ አውጣው ውስጥ ከተባዛ በኋላ ግን እንደገና ወደ ውሃው ወጥቶ፣ የሚዋኘውንና ውሃ የሚቀዳውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚህ የሚያገለግለው ኬሚካል ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባ ሲሆን፣ እንዶድ ግን በገበሬው አጥር ሥር ይበቅላል።

ዶክተር አክሊሉ በዚህ አላበቁም። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ከእንዶድ ግኝት እኩል ሊወሳ የሚገባው ሥራቸው ይህ ነው። አንድ ወጣት በባዕድ አገር ላቦራቶሪ የተማረውን ዘዴ ይዞ ሲመጣ፣ የሚሠራበት ቤት ካላገኘ ዕውቀቱ ይባክናል። ተቋሙ ጥያቄው ከወንዙና ከመንደሩ የሚመጣበት፣ መልሱም እዚያው የሚፈተንበት ቤት ሆነ።

የተመራማሪው የለገሠ ወልደ ዮሐንስ ሥራ ይህን ያሳያል። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአንዱ ቦታ ፍሬ ብርቱ፣ የሌላው ደካማ ነው። ወንዱና ሴቴው ተክልም የተለያዩ በመሆናቸው ፍሬ የሚገኘው ከሴቴዋ ብቻ ነው። ለገሠ ከተለያየ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ዝርያዎችን እየተከሉ፣ ምርታቸውንና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸውን እያነጻጸሩ፣ “እንዶድ 44” ተብሎ የሚታወቀውን ዝርያ መረጡ። ሥራው ዓመታት የሚፈጅ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ተመራማሪ የሚሠራውም እንዲህ ባለው ሥራ ነው፤ ከአንድ ቀን ግኝት ይልቅ በተደጋጋሚ በመለካት።

ትልቁ ፈተና ዓድዋ ላይ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የከተማዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ፤ በመላው ነዋሪ ደግሞ ከ63 ወደ 34 በመቶ። ውጤቱ ይበልጥ በሕፃናቱ ላይ መታየቱ ትርጉም አለው፦ ትልልቆቹ ትሉን ከቀድሞ ጀምረው የተሸከሙ ናቸው፤ ትንንሾቹ ግን ወንዙ ከጸዳ በኋላ ያደጉ ናቸው።

ያም ሆኖ እንዶድ በዓለም መድረክ በቀላሉ አልታመነም። የመርዛማነት ምርመራው በበለጸጉት አገሮች መሥፈርት፣ በእነሱ ላቦራቶሪዎች መደገም ነበረበት፤ ለዚህም ገንዘብና ዓመታት ጠፉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1976 ከአገር ወጥተው ለተባበሩት መንግሥታት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1997 አረፉ። መሥፈርቱን የሚያሟላ ላቦራቶሪ በአፍሪካ ምድር ቢኖር ኖሮ በመርዛማነት ምርመራው የጠፋው ያ ሁሉ ጊዜ ባልባከነ ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሌላ በር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ከሥጋ ደዌ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ነቀርሳና ሌሎች በሽታዎች የሰፋው ይህ ተቋም ለወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሌላው ማሠልጠኛ ሆኗል።

የፓቶባዮሎጂ ተቋሙ ዛሬ የመሥራቹን ስም ይዞ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሞቃት አገር ተላላፊ በሽታዎች በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ያስተምራል። ሰሜን ሸዋም የራሱ ዩኒቨርሲቲ በደብረ ብርሃን አለው። ለዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት የሚሆን ጥያቄ ከደነባ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፦ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ጀማ ወንዝ ቆላ ሲወረድ፣ በየትኛው ከፍታ ላይ ቢልሃርዚያን የሚሸከመው ቀንድ አውጣ ይገኛል? ወደ ቆላ ለሥራ ወርዶ የተመለሰው ደገኛስ ምን ይዞ መጣ? የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት የሰገራ ናሙናና ቁልቁለቱን ለመውረድ የበረታ ጉልበት ካለ፣ መጀመር ይቻላል።